በረካውን ሳይጠጣ የተነሳው ስኮትላንዳዊ

ድርና ማግ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እዚህ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን መካኒክ ነኝ። የሌሊት ሺፍት በማልገባበት ቀን ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ሦስት መጽሐፍ እንዲሆን ነው ያሰብኩት። ሁለቱ በደብተር አልቀዋል። ሦስተኛው ላይ ቆሜያለሁ። መቆም ስላችሁ፣ ማግ እንዳለቀበት የድሮ ማሽን በሉት። ይንኳኳል፣ ጨርቅ ግን አይወጣም።

ባለፈው ወር አንድ ፊልም ሠሪ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ስክሪፕት ጻፍልኝ አለ። ፍቅር ይኑረው፣ ያስቅ፣ ቀረጻው ሁለት ቤት ውስጥ ይለቅ። ብሩ ደህና ነው። ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ጽፌ እስከ ዛሬ አልተከፈለኝም። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። አሁን የሚያስፈራኝ ግን የብሩ ነገር አይደለም። አንዴ ስክሪፕት ውስጥ ከገባሁ ደብተሮቼ አልጋ ስር እንደሆኑ ይቀራሉ ብዬ ነው።

ሰሞኑን በእረፍት ሰዓት በስልኬ ‹‹ሮብ ሮይ›› የሚባለውን ፊልም አየሁ። የ1995 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳታምታቱብኝ።) ሰውየው የስኮትላንድ ደገኛ ነው። ከብት ሊነግድ ከአንድ መስፍን አንድ ሺህ ፓውንድ ይበደራል። መሬቱን ያስይዛል። ብሩ መንገድ ላይ ይሰረቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው መከራ ሁሉ ከዚያች ብድር ነው የሚመዘዘው። ባቲ ገበያ ከብት የሚነግድ አጎት አለኝ። ተበድሮ በነገደ ቁጥር ማታ እህል አይወርድለትም። ፊልሙ ላይ ያለውን ፊት ሳይ እሱን ያየሁ መሰለኝ።

ማን ጻፈው ብዬ ስፈልግ አለን ሻርፕ ይላል። በ1934 ተወልዶ በ2013 የሞተ ስኮትላንዳዊ። መጀመሪያ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበር። ሦስት ተከታታይ መጽሐፍ አስቦ ሁለቱን አሳተመ። ሦስተኛው አልወጣም። ሆሊውድ ገባ።

እዚህ ላይ ስልኬን አስቀመጥኩት። ወላሂ ደነገጥኩ።

ስለ ሰውየው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። መጽሐፉን ፊልሙ ነው የበላበት?

የድሮው ዴክ (ደሴ)

አብሽር ወንድሜ። ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛው ሰው እኔ ነኝ ባልልም፣ የሰውየውን ፊልሞች ከማንም በፊት ለደሴ ሕዝብ ያሳየሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ያውም ማን እንደጻፋቸው ሳላውቅ።

ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ሁለት ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ)፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ዘጠኝ አግዳሚ። መስኮቱን በብርድ ልብስ እሸፍናለሁ። የጦሳ ተራራ ጉም በበሩ ስንጥቅ እየገባ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ነው የሚያየው። በር ላይ በጠመኔ ‹‹አክሽን›› ወይ ‹‹ካውቦይ›› ብዬ እጽፋለሁ። ጸሐፊ የሚባል ሰው መኖሩን ማን ያስባል? የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። ‹‹አክተሩ ማነው?›› የሁሉም ሰው እምነት ደግሞ አንድ ነው። አክተር አይሞትም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በመጣልኝ ካሴት ውስጥ ‹‹ኡልዛናስ ሬይድ›› የሚባል አገኘሁ። የ1972 ፊልም ነው፣ ዳይሬክተሩ ሮበርት አልድሪች። አክተሩ በርት ላንካስተር። ‹‹ካውቦይ›› ብዬ ለጠፍኩ። ቤቱ ሞላ። ታሪኩ ከመጠለያቸው ሸሽተው የወጡ የአፓቼ ሰዎችን (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቸው) የሚያሳድድ ጦር ነው። መሪው ጢሙ ያልበቀለ መቶ አለቃ ነው፣ የሰባኪ ልጅ። መንገድ መሪ ሆኖ ከጦሩ ጋር የሚሄድ ኬ ኒ ቴይ የሚባል አፓቼ አለ። እሱና የሚሳደደው ኡልዛና ሚስቶቻቸው እህትማማቾች ናቸው! ልጁ መቶ አለቃ ይሄን ኬ ኒ ቴይን ‹‹ወገኖችህ ለምን እንዲህ ይጨክናሉ?›› ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው አይቆጣም፣ አያፍርም። እንደ አገር ደንብ ያስረዳዋል። መልሱን ሲሰማ የልጁ ፊት ይለዋወጣል። መጨረሻ ላይ ላንካስተር ተመትቶ ብቻውን ይቀራል። አንስተን እንውሰድህ ሲሉት እንቢ ይላል። ሲጋራ ለመጠቅለል ይታገላል። አለቀ።

አክተሩ ሞተ! ከኋላ አግዳሚ አንዱ ‹‹ብራችንን መልስ›› ብሎ ተነሳ። ሌሎቹ ግን አልተንጫጩም። ዝም ብለው ወጡ። ዝም ያለ ቪዲዮ ቤት በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያ ፊልም የወጣው አሜሪካ ቬትናም ውስጥ እያለች ነበር። እዚያ ያየው ሰው ሁሉ ስለ ቬትናም እንደሆነ ገብቶታል። እኔ ደግሞ ጦርነቱ ደሴን ረግጧት ከሄደ በኋላ ደግሜ አየሁት። ስለሱ ብዙ አልጽፍም።

ዴኩን ከሸጥኩ በኋላ ነው ስሞቹን ማንበብ የጀመርኩት። ኡልዛናን የጻፈው አለን ሻርፕ። ‹‹ዘ ሃየርድ ሃንድ›› 1971፣ ፒተር ፎንዳ ያዘጋጀው፣ አለን ሻርፕ። እዚያም አክተሩ ይሞታል። ‹‹ዘ ላስት ረን›› ያው 1971፣ አለን ሻርፕ። ‹‹ናይት ሙቭስ›› 1975፣ አለን ሻርፕ። በአምስት ዓመት ውስጥ! ለካ ብሬን ሲያስመልሱኝ የነበሩት የአንድ ሰው ልጆች ናቸው።

ሕይወቱ እንዲህ ነው። አሊዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና በጨቅላነቱ በማደጎ ተሰጠ። ያሳደገው አባት ግሪኖክ የመርከብ መሥሪያ ውስጥ ሠራተኛ ነው። እናትና አባቱ የሳልቬሽን አርሚ (የፕሮቴስታንት ማኅበር ነው) ምእመናን ነበሩ፣ ከበሮና ጥሩምባ ይዘው መንገድ ላይ የሚዘምሩት። ግሪኖክ የክላይድ ወንዝ ባሕር ሊገባ ሲል ዳር ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። አንተ መካኒክ ስለሆንክ ይሄን ልንገርህ፣ የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለው ጄምስ ዋት የዚያች ከተማ ልጅ ነው። ሻርፕም በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ መርከብ መሥሪያው ውስጥ ተለማማጅ ሆነ። ከዚያ ወታደርነት፣ ከዚያ የተገኘውን ሥራ ሁሉ። ለግል መርማሪ ረዳት ሆኖ እንኳ ሠርቷል። ስለዚህ እጁ ግራሶ ያውቃል፣ እንዳንተ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ፊልም መጽሐፉን በላበት ወይ? እኔ አይመስለኝም። አንደኛ፣ ሰውየው ልብ ወለዱ ከመውጣቱ በፊትም ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ይጽፍ ነበር። አንዱ ድራማው ሳያቋርጥ ፒያኖ በመምታት ሪከርድ ሊሰብር ስለሚሞክር ሰው ነው። ቢቢሲ በ1970 ‹‹ፕሌይ ፎር ቱዴይ›› የሚለውን ዝነኛ ተከታታይ የከፈተው በዚያ ነው። ሁለተኛውን ለማስረዳት ‹‹ናይት ሙቭስ››ን ልንገርህ።

ጂን ሃክማን የግል መርማሪ ነው። የጠፋች ልጅ ፈልግ ተብሎ ይቀጠራል። የሰው ሚስጥር እያደነ የራሱ ሚስት ከሌላ ጋር ናት። አባቱ ልጅ ሆኖ ጥሎት የሄደ ሰው ነው። አድጎ መርማሪ ሲሆን አባቱን ፈልጎ ያገኘዋል። ሽማግሌው መናፈሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጋዜጣ ቀልድ ያነባል። ልጁ ያየውና ሳያናግረው ይመለሳል። ይሄን ቦታ ሳይ በማደጎ ያደገ ሰው እንደጻፈው አውቄ ስለነበር ሻዩ በእጄ እንደያዝኩት ቀዘቀዘ።

አርእስቱ ደግሞ ቅኔ ነው፣ ሰምና ወርቅ። በእንግሊዝኛ ሌሊትና የቼዝ ፈረስ ሲጠሩ አንድ ናቸው። ፊልሙ ውስጥ መርማሪው ከትንሽ የቼዝ ሰሌዳ ጋር ነው የሚዞረው። በ1922 የተደረገ እውነተኛ ጨዋታ ደጋግሞ ይደረድራል። ተጫዋቹ ንግሥቱን ሰውቶ ፈረሱን ሦስቴ ቢያንቀሳቅስ ያሸንፍ ነበር። አላየውም። ሌላ ተጫወተና ተሸነፈ። መርማሪው በዚያ ሰው ፈንታ ይቆጨዋል፣ ሳይወለድ ለተደረገ ጨዋታ። መጨረሻ ላይ ራሱ ቆስሎ ጀልባ ውስጥ ይወድቃል። ጀልባዋ ባሕሩ ላይ ክብ እየሠራች ትዞራለች። (ልታየው ከሆነ ይቅርታ፣ ነገርኩህ።)

ይሄ መጽሐፍ አይደለም ትለኛለህ? እኔ እንጃ። የቪዲዮ ቤት ሰው ነኝ።

ከሐረጎ ቁልቁል

እኔ ሻርፕ ማርፕ አላውቅም። ግማሹን ብር በቅድሚያ ተቀበል። ውል ይኑርህ፣ ምስክር ይኑርህ። ከዚያ ስለ ነፍስህ ታስባለህ።

የድሮው ዴክ (ደሴ)

ይሄኛውም እውነት ነው።

መምህርት (ደሴ)

ሰላም ልጄ። ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። የድሮው ዴክ የጻፉትን ወድጄዋለሁ። የጎደለውን እኔ ልሙላ፣ ምክንያቱም ልብ ወለዱን አንብቤዋለሁ። ውጭ ያለችው ልጄ አሮጌ ቅጂ ልካልኝ ነው። ገጾቹ እንደ ቆጮ ቢጫ ሆነዋል።

አንተ የጠየቅከው ስለ ፊልም ይመስልሃል። በኛ ቤት ቋንቋ ግን ስለ ቡና ነው የጠየቅከው። ሰውየው በ1965 ‹‹ኤ ግሪን ትሪ ኢን ጌዲ››ን አወጣ። እኛ አገር ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› በታተመበት ሰሞን መሆኑ ነው። አቦሉ ይሄ ነው። በ1967 ‹‹ዘ ዊንድ ሺፍትስ›› ተከተለ። ቶና። ሦስተኛው ስም ሁሉ ነበረው፣ ‹‹ዘ አፕል ፒከርስ›› ሊባል ነበር። አልወጣም። ወሎ ውስጥ በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ እንግዳ ምን እንደሚባል ታውቃለህ።

አቦሉ ግን ምን ዓይነት አቦል መሰለህ! አራት ወጣቶች ናቸው። ጆን ሞዝቢ፣ ሃሪ ጊበን፣ እንዲሁም ፒተርና ሩት ከፊ የሚባሉ ወንድምና እህት። ግሪኖክ አለች፣ ዝናቧ አለ። ሰዎቹ ከዚያች ከተማ ለመውጣት ይመኛሉ፣ ወጥተውም አይወጡም። ቋንቋው ከባድ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ይጠመዘዛል፣ በራሱ ይኮራል። አንዳንዴ በቃህ ልለው እፈልጋለሁ። የፊልም ጽሑፉን ከዚያ ቀጥሎ ብታይ የአንድ ሰው እጅ አይመስልህም። ያ ሁሉ ቃል የት ሄደ? ሦስት መስመር ተናግረው ዝም የሚሉ ሰዎች። እኔ እንደ አስተማሪ የማደንቀው ይሄን ነው፤ አፉን መዝጋት ፊልም አስተማረው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፤ የድሮው ዴክ ይሄን አልነገሩህም፣ መጽሐፉን ስላላዩት። የልብ ወለዱ ሁለት ጓደኛሞች ማን ነበሩ? ሃሪ ጊበንና ጆን ሞዝቢ። የ‹‹ናይት ሙቭስ›› መርማሪ ስሙ ማነው?

ሃሪ ሞዝቢ።

ሁለቱን ጓደኛሞች አንድ ሰው አድርጎ፣ የመርማሪ ሥራ አስይዞ፣ አሜሪካ አገር አስገባቸው። መጽሐፉን ትቶት አልሄደም። ሻንጣው ውስጥ ከቶት ነው የሄደው።

ግን ሰውየውን መልአክ አናድርገው። እንግሊዛዊቷን ደራሲ ቤሪል ቤይንብሪጅን ታውቃት ይሆናል። ሴት ልጅ ወልዳለታለች። አብሮ ግን አልኖረም። እሷም በ1975 ‹‹ስዊት ዊልያም›› የሚል ልብ ወለድ አወጣች። ለሴቱ ሁሉ ማር የሆነ፣ የትም የማይገኝ የድራማ ጸሐፊ አለበት። ከማን እንደተቀዳ የማያውቅ የለም። አስበው፣ እሱ ሦስተኛ መጽሐፉን ሳይጨርስ የሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ያውም ‹‹ናይት ሙቭስ›› በታየበት ዓመት። አባቱን ስለሚፈልግ ሰው እንዲያ አሳምሮ የጻፈ አባት! እኔ በዚህ አዝንበታለሁ። ወንዶቹ ዝም ስላላችሁ ነው የጻፍኩት።

የድሮው ዴክ (ደሴ)

እትዬ፣ ተቀጣሁ። የስሙን ነገር አላውቅም ነበር። ዛሬ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።

ስለ አባትና ልጅ ካነሱ አንድ ልጨምር። ከ1975 በኋላ ያሉትን ሁሉ አልዘረዝርም። ‹‹ዘ ኦስተርማን ዊክኤንድ›› አለ፣ 1983፣ የዳይሬክተሩ የሳም ፔኪንፓ የመጨረሻ ፊልም። ብዙም አይሆንልኝ። በ1985 ራሱ ያዘጋጀው አንድ ፊልምም አለው፣ ‹‹ሊትል ትሬዠር››። ላንካስተር እዚያም አለ። ነገር ግን ያቺን የ2008 ፊልም አይተዋታል? ‹‹ዲን ስፓንሊ››። ሻርፕ ያኔ 74 ዓመቱ ነው። ሻርፕ ኒውዚላንድ የኖረ ሰው ነው፣ ዳይሬክተሩም የዚያ አገር ሰው ነው፣ ቶዋ ፍሬዘር። ፒተር ኦቱል ግትር ሽማግሌ አባት ሆኖ ይሠራል። አንድ ልጁ በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ሞቶበታል። ሽማግሌው አላለቀሰም፤ ሆነ ሆነ ብሎ ዘግቶታል። የቀረው ልጅ በየሳምንቱ ሐሙስ ሊጠይቀው ይሄዳል፣ እንደ ግዴታ። አንድ ቄስ ደግሞ አለ። ቶካይ የሚባል ወይን ሲጠጣ ድሮ ውሻ እንደነበረ ያስታውሳል! አትሳቁ። ሽታውን፣ ሩጫውን፣ ጌታውን ያስታውሳል። ሽማግሌው ይሄን ሲሰማ ልጅ ሆኖ የጠፋበትን ውሻ ያገኛል። ከዚያ ነው እንባው የሚመጣው።

በውሻ በኩል ዞሮ ለልጁ አለቀሰ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስንት ሰው እንዲህ ሲሆን አይተናል። ለሞተው ሳያለቅስ ቆይቶ ለተሰበረ ጀበና የሚያለቅስ።

መምህርት (ደሴ)

አይቻለሁ። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። በረካው ያ ሊሆን ይችላል፣ እሺ። ግን አሁንም ‹‹ዘ አፕል ፒከርስ››ን ማንበብ እፈልግ ነበር።

ድርና ማግ (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። ሦስት ቀን ዝም ያልኩት የሌሊት ሺፍት ስለነበርኩ ነው። ማሽኖቹ መካከል ቆሜ ‹‹ሃሪ ሞዝቢ፣ ሃሪ ሞዝቢ›› ስል የኔ ረዳት ጆሮዬ የተጎዳ መስሎት አንዴ አይቶኛል።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ደብተሮቼ ውስጥ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አለ። ሁለት መጽሐፍ ሙሉ የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል፣ ይወጣል። ደሴን በብርድ ይለቃል፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሹራቡን ያወልቃል። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ ሲመጣ ሹራቡ ላይ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ነበር። ያንን ሽታ ለመጻፍ ነው ይሄን ሁሉ ገጽ የፈጀሁት፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። አባቴ አንድ ቀን ወርዶ አልተመለሰም። አደጋ አይደለም። ሌላ ቤት ነበረው፣ ሚሌ አካባቢ። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ የቆምኩት እዚያ ነው። ልጁ አባቱን ፍለጋ ሄዶ ያገኘዋል። ከዚያ ምን እንደሚለው አላውቅም ነበር።

የመናፈሻውን ወንበር ካነበብኩ በኋላ ምንም እንደማይለው ገባኝ። ልቅዳ አላልኩም። የኔ ሰውዬ ጋዜጣ አያነብም። ጎማ ስር ተኝቶ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ልጁ ጫማውን አይቶ ያውቀዋል።

ስክሪፕቱን ተቀበልኩ። ሐረጎ ላይ ያለኸው ወንድሜ፣ ግማሹን ብር በቅድሚያ አስልኬያለሁ፣ ውልም አለ። ያስቅ ያለኝን እያሳቅኩ ነው። ግን ከጀግናው ቤት ጎን የሚኖር ጎረቤት አስገባሁ። ጡረታ የወጣ ሹፌር፣ ማንም ሲያወራ ቆሞ ፍሬን የሚሸት። የመጀመሪያውን ሃያ ገጽ ላክሁለት። ትናንት ደወለ።

‹‹ወንድሜ፣ አሪፍ ነው። ግን ይሄ ሹፌር ምን ይሠራል?›› አለኝ።

‹‹ይቆያል›› አልኩት።

ትንሽ አሰበና ‹‹ያስቃል?›› አለኝ።

‹‹አንዳንዴ።››

‹‹ይቆይ በቃ›› አለ።

ጋሼ የድሮው ዴክ፣ ‹‹ናይት ሙቭስ››ን እኔ ስልክ ላይ በደንብ የሚታይ አላገኘሁም። እርስዎ ጋ አለ?

የድሮው ዴክ (ደሴ)

አለ። ፍላሽ ይዘህ ና። ሰኞ አትምጣ፣ ገበያ ነው፣ ባጃጅም አታገኝ። ሌላ ቀን ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ደርሰህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እወጣለሁ።

የኡልዛናን ካሴት ራሱን አልሸጥኩትም፣ አለ። ዴክ ግን የለኝም። መካኒክ አይደለህ፣ አንድ የተበላሸ ዴክ ሰው ቤት አውቃለሁ።

መምህርት (ደሴ)

የሚሠራ ከሆነ እኔም እመጣለሁ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ። እስከ በረካ ግን ማንም አይነሳም።

ከሐረጎ ቁልቁል

ካውቦይ ነው? እኔም አለሁ።